«ቻርጅ» ምን ይባል?

ደብረ ብርሃን ላይ ከሌላ ባንክ ኤቲኤም ገንዘብ ያወጣ ሰው ከሂሳቡ ጥቂት ብር ጎድሎ ሲያይ «ቻርጅ ተደረግሁ» ይላል። ስልኩንም «ቻርጅ» ያደርጋል፤ አንዱ ይሞላል፣ ሌላው ያጎድላል። ይህ መደባለቅ ያሳስበኛል፤ ስሙ ያልጠራ ክፍያ «ለምን?» ብሎ ለመጠየቅ አይመችምና። ቃሉ ከላቲን የወረደ ነው፤ መነሻው ጋሪ ላይ መጫን ሲሆን ኋላ ሸክም፣ ቀጥሎም ክፍያ ሆነ። የጭነትና የክፍያ መያያዝ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847 እ.ኤ.አ.) ከታጁራ በኩል ጨው ጭኖ ከአንኮበር ሥር ወዳለችው አልዩ አምባ የመጣ ነጋዴ ቀረጥ ይከፍል ነበር። ይሁንና «ቀረጥ» የመንግሥት ነው፣ ለባንክ አይሆንም። «ኮሚሽን» የደላላ ድርሻ ይመስላል። «ቅጣት» የሚሉም አሉ፤ ያለ ጥፋት ግን ቅጣት የለም። አስቀድሞ ለተነገረን ዋጋ «የአገልግሎት ክፍያ» ይበቃል። ከሂሳብ ላይ ለሚነሣው ገንዘብ ደግሞ «ተቀናሽ»ን እመርጣለሁ፤ ቃሉ ራሱ «ከማን? ስንት?» ያሰኛል። የኤቲኤሙ መስኮትም ቁልፉን ከመጫናችን በፊት «ተቀናሽ፦ ይህን ያህል ብር» ብሎ በአማርኛ ሊነግረን ይገባል።