የፋጅ ሕክምና በምን መለኪያ ይዳኝ?

ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቁት ቫይረሶች፣ ማለትም ባክቴሪዮፋጆች፣ ለሕክምና የታሰቡት ከፔኒሲሊን በፊት ነው። ፊሊክስ ዴሬል ግኝቱን በፓሪስ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ ጆርጅ ኤሊያቫ በ1923 በትብሊሲ የመሠረተው ተቋም ዛሬም በዚሁ ሥራ ላይ ነው። ምዕራባውያን ግን አንቲባዮቲክ በገፍ መመረት ሲጀምር ፋጅን ችላ አሉት። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎችን በቀጥታ ለሞት እንደዳረጉ በሚገመትበት በዚህ ዘመን ወደ ጥንቱ ሐሳብ መመለሳቸው አያስገርምም። የሚያከራክረው ፋጅን የምንመዝንበት ሚዛን ነው። ፋጅ ተመርቶ እንደሚከማችና ለሁሉም ታካሚ እኩል እንደሚታደል እንክብል ሲመዘን ከርሟል፤ ፍርዱም የተዛባው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በፈረንሳይና በቤልጂየም የተካሄደው ፋጎበርን የተባለው ሙከራ ነው። ቁስላቸው ሱዶሞናስ በተባለ ባክቴሪያ የተመረዘ የቃጠሎ ተጎጂዎች አሥራ ሁለት ፋጆች የተቀላቀሉበት መድኃኒት ተሰጣቸው፤ በ2019 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው የተለመደው የብር ቅባት ባክቴሪያውን በፍጥነት በመቀነስ በለጠው። ይሁንና ድብልቁ ከተመረተ በኋላ ኃይሉ ወርዶ፣ ታካሚዎቹ ያገኙት ከታቀደው በሺዎች እጥፍ ያነሰ መጠን ነበር። አለመርጋቱ ራሱ ጉድለት ነው የሚል ሰው ይኖራል፤ ልክ ነው። ግን ጉድለቱ የዝግጅቱ ነው፤ ፋጅ ባክቴሪያን ስለመግደሉ የሚነግረን ነገር የለም።

ቤልጂየም ከዚያ ወዲህ ሌላ መንገድ ይዛለች፦ ፋጁ ከታካሚው ባክቴሪያ ጋር ተፈትኖ ይመረጣል፤ ፋርማሲስቱም በሐኪም ትእዛዝ ለዚያው ሰው ያዘጋጀዋል። በዚህ አሠራር ዙሪያ በ2024 የታተመው የ100 ተከታታይ ታካሚዎች ዘገባ በ77.2 በመቶው መሻሻል መታየቱን፣ በ61.3 በመቶው ደግሞ ባክቴሪያው መጥፋቱን ይገልጻል። አንቲባዮቲክ አብሮ ባልተሰጠበት ጊዜ ባክቴሪያው የመጥፋቱ ዕድል በ70 በመቶ ያነሰ ነበር። የማነጻጸሪያ ቡድን ስላልነበረ የመሻሻሉ ምን ያህሉ የፋጁ ውለታ እንደሆነ ከዚህ መለየት አይቻልም፤ ተቃዋሚዎች ይህን ማንሳታቸው ተገቢ ነው። ሆኖም የ70 በመቶው ልዩነት ፋጅ የአንቲባዮቲክ ተተኪ ሳይሆን አጋዥ መሆኑን ይጠቁማል።

ባክቴሪያ ፋጅንም ይላመዳል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው፤ ነገር ግን መላመዱ ዋጋ ያስከፍለዋል። የዬል ተመራማሪዎች በ2016 ይፋ ያደረጉት አንድ ፋጅ ወደ ሱዶሞናስ የሚገባው ባክቴሪያው አንቲባዮቲክን ገፍቶ የሚያስወጣበትን ፓምፕ ይዞ ነው። ባክቴሪያው ከፋጁ ለማምለጥ ፓምፑን ሲለውጥ፣ ተላምዶት የነበረው መድኃኒት መልሶ ይገድለዋል። በዚያው ዓመት በሳን ዲዬጎ አሲኔቶባክተር በተባለ ባክቴሪያ የታመሙ አንድ ሰው በዳኑበት ሕክምና ባክቴሪያው መሐል ላይ ፋጆቹን ቢላመድም፣ አዲስ ፋጅ ተፈልጎ ተጨምሯል። ይህን ማድረግ የሚችለው ሰፊ የፋጅ ክምችትና ንቁ ላቦራቶሪ ያለው ሐኪም ነው።

ስለዚህ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ፈቃድ መስጠት ያለባቸው ለጠርሙሱ ሳይሆን ለአሠራሩ ነው፤ ፋጁ እንዴት እንደሚመረጥ፣ መርዝ አምጪ ጂን አለመያዙ እንዴት እንደሚረጋገጥ፣ ከባክቴሪያ ቅሪት እንዴት እንደሚጣራ ይመርምሩ። ተመራማሪዎችም ለየታካሚው የተመረጠ ፋጅን ከአንቲባዮቲክ ጋር ሰጥተው፣ አንቲባዮቲክ ብቻ ከሚወስዱት ጋር በዕጣ በተመደቡ ቡድኖች ያነጻጽሩ።