ድንጋዩን የቆረጠ ዋጋውን ይቆርጣል

በጎጆም ሆነ በጊንጪ፣ በአምቦም ሆነ በጉደር፣ አልማዝ የምትባል ሴት የሌለችበት ሰፈር ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ወላጆች ይህን ስም ሲያወጡ የሚያብረቀርቅና ውድ የሆነ ነገር አስበው ነው። ታዲያ ከእነርሱ መካከል አልማዝን በዓይኑ ያየ ስንቱ ነው? ከመሬት እንደ ወጣ ቢያዩት ኖሮ ምናልባት ለልጃቸው ስም ባላደረጉት ነበር። ጥሬ አልማዝ ብዙውን ጊዜ የደበዘዘ ጠጠር ይመስላል፤ መንገድ ላይ ብናገኘው በእግራችን ገፋ አድርገን የምናልፈው ዓይነት። አልማዝን አልማዝ ያደረገው መሬት ብቻ አይደለም፤ የቆራጭ እጅ ጭምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረውም ይህንኑ ነው፤ ድንጋይ እንዴት ይቆረጣል? ሲቆረጥስ ዋጋው ወደ ማን ኪስ ይገባል?

ቋንቋችን ነገሩን አስቀድሞ ያወቀው ይመስላል። በገበያችን ዋጋ «ይቆረጣል» እንላለን፤ ድንጋይም ይቆረጣል። ግሡ አንድ መሆኑ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። የድንጋይ ንግድ ታሪክ ግን ሁለቱን ሥራዎች በአንድ እጅ ሲያስይዝ ኖሯል።

በመጀመሪያ ስለ አቆራረጡ። አልማዝ ከተፈጥሮ ድንጋዮች ሁሉ የጠነከረ ስለሆነ የሚቆርጠው ራሱ አልማዝ ነው። ዱቄቱ በዘይት ይለወስና በሚሽከረከር ብረት ላይ ይቀባል፤ ድንጋዩም በዚያ ላይ ይሞረዳል። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ቆራጮች የተፈጥሮ ሹሉን ጫፍ ሞርደው ጠፍጣፋ ገበታ ያወጡለት ነበር። ቀጥሎ ታቹ ልሙጥ፣ ላዩ እንደ ጽጌረዳ እምቡጥ የተደራረበ ቅርጽ መጣ። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ደግሞ ከላይም ከታችም ብዙ ገጽ ያለው ቅርጽ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1919 ማርሴል ቶልኮቭስኪ የሚባል ከቤልጂግ ቆራጭ ቤተሰብ የተወለደ ወጣት የገጾቹን ማዕዘን በሒሳብ አስልቶ አሳተመ። ዕድሜው ገና ሃያ ዓመት ገደማ ነበር፤ ከእኛ አይበልጥም። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚታየው 58 ገጽ ያለው ክብ አቆራረጥ ከዚያ ስሌት ብዙ ወርሷል።

ሒሳቡ ስለ ብርሃን ነው። በላይ የገባ ብርሃን በታችኛው ገጽ ተጋጭቶ ወደ ተመልካቹ ዓይን መመለስ አለበት። የታችኛው ክፍል ከልክ በላይ ከጠለቀ ወይም ከልክ በላይ ከሳሳ ብርሃኑ በጎን ወይም በታች ሾልኮ ይጠፋል፤ ድንጋዩም የሞተ ይመስላል። ነጋዴዎች አልማዝን በአራት ነገር ይመዝናሉ፤ በክብደት፣ በቀለም፣ በጥራትና በአቆራረጥ። ቀለሙንና ጥራቱን የሚሰጠው በአብዛኛው ተፈጥሮ ነው፤ አቆራረጡ ግን ሙሉ በሙሉ የሰው ሥራ ነው። በክብደት፣ በቀለምና በጥራት እኩል የሆኑ ሁለት ድንጋዮች በአቆራረጥ ብቻ ዋጋቸው በእጅጉ ይራራቃል። እዚህ ላይ ተንኮልም አለ። ክብደት እንዳይቀንስበት የፈለገ ቆራጭ የድንጋዩን ሆድ ወፍራም አድርጎ ይተወዋል። ገዢው ታዲያ በዓይን ለማይታይ፣ ለማያበራም ክብደት ገንዘቡን ይከፍላል።

ይህ ለእኛ ለአምቦ አካባቢ ሰዎች እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። የአምቦ ድንጋይ በአዲስ አበባ ሕንፃዎች ግድግዳ ላይ ይታያል። ጠራቢው በመዶሻና በመሮ ሲጠርበው ፍንካቹ መሬት ላይ ይቀራል፤ ድንጋዩ ግን እየቀነሰ ዋጋው ይጨምራል። የአልማዝም ነገር ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የፍንካቹ ውድነት ነው።

ምን ያህል እንደሚጣል ሁለት ምሳሌ እንይ። ኮሂኑር የሚባለውን የታወቀ አልማዝ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1849 ፑንጃብን ሲይዙ ከአንድ የአሥር ዓመት ሕፃን ንጉሥ ወሰዱት። ሎንዶን ላይ እ.ኤ.አ. በ1851 ለሕዝብ ሲታይ ተመልካቹ «ይህ ነው እንዴ!» ብሎ ቅር አለው፤ የሕንዶቹ አቆራረጥ ለክብደት እንጂ ለብልጭታ የተሠራ አልነበረምና። በዓመቱ እንደገና ተቆረጠ፤ 186 ካራት የነበረው ወደ 106 ካራት ገደማ ወረደ። አንድ ካራት የግራም አንድ አምስተኛ ነው። ሁለተኛው ኩሊናን ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 በደቡብ አፍሪካ ትራንስቫል ሲገኝ 3,106 ካራት ነበር። በ1908 አምስተርዳም ውስጥ የአሸር ቤት ቆራጮች ሲጨርሱት ተቆርጠው የወጡት ድንጋዮች ተደምረው የመጀመሪያውን ክብደት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ሆኑ። ድንጋዩ የወጣው ከአፍሪካ ነው፤ የተቆረጠው በአውሮፓ፤ ትላልቆቹ ያረፉት በእንግሊዝ ዘውድና በትረ መንግሥት ላይ።

«እኛ አልማዝ የለንም፤ ምን አገባን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። አልማዝ ባይኖረን ኦፓል አለን። በ1980ዎቹ አጋማሽ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጊሼ መዘዞ አካባቢ ቡናማ ኦፓል ወደ ዓለም ገበያ ወጣ፤ በነጋዴዎች ዘንድም በሸዋ ስም ተጠራ። ብዙው ግን እየተሰነጠቀ ስላስቸገረ ገዢው ፊቱን አዞረ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ደላንታ፣ በወገል ጤና ገደል ላይ ነጣ ያለ፣ ውስጡ ቀስተ ደመና የሚጫወትበት ኦፓል ሲገኝ ኢትዮጵያ በአጭር ጊዜ ከአውስትራሊያ ጋር ስሟ የሚነሣ የኦፓል አገር ሆነች።

የኦፓል አቆራረጥ ከአልማዝ ይለያል። ቀለሙ የሚመጣው በውስጡ ከተደረደሩ እጅግ ደቃቅ የሲሊካ እንክብሎች ስለሆነ ብዙ ገጽ አያስፈልገውም። አብዛኛውን ጊዜ ታቹ ልሙጥ፣ ላዩ ክብ ሆኖ ይሞረዳል፤ ልክ እንደ ጎጆ ክዳን። ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ቆራጩ ቀለሙ በየት በኩል እንደሚጫወት አገላብጦ ማየት አለበት። አንድ ሚሊሜትር አብልጦ ከሞረደ ቀለም ያዘለው ንብርብር አብሮ ይሄዳል፤ ከቀለሙ ጎን ከቆረጠው ደግሞ ድንጋዩ ዝም ይላል። የወሎ ኦፓል በዚያ ላይ ውኃ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ክብደቱ ይጨምራል፣ የቀለሙም ጨዋታ እስኪደርቅ ድረስ ሊደበዝዝ ይችላል። ስለዚህ ረጥቦ የተሸጠ ድንጋይ ሚዛኑም መልኩም ይዋሻል። ይህን የሚያውቅ ገዢ ይጠቀምበታል፤ የማያውቅ ቆፋሪ ይበላበታል።

የደላንታ ቆፋሪ ማነው? በገደል ላይ በዶማና በመዶሻ ዋሻ የሚፈለፍል ገበሬና የገበሬ ልጅ ነው። በ2016 ዓ.ም. በዚያው በደላንታ ዋሻ ተደርምሶ ቆፋሪዎች ከውስጥ መቅረታቸውን ሁላችንም ሰምተናል። በዚህ ዓይነት ከወጣው ድንጋይ ብዙው ጥሬውን ተሽጦ ሕንድ አገር ጃይፑር ከተማ ይቆረጣል። ነፍሱን ያስያዘው ሰው በጥሬ ዋጋ ይሸኛል፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቆረጠውና የሸጠው የተቆረጠውን ዋጋ ይወስዳል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ!

ለዚህ ሁሉ የባዕድን ነጋዴ ብቻ መውቀስ ይቀለናል፤ ታሪካችን ግን ሌላም ይነግረናል። ከጊንጪ አካባቢ የሚነሣው አዋሽ ወርዶ መልካ ቁንጡሬ ሲደርስ የዓለም ጥንታዊ የድንጋይ ሠራተኞች መንደር ያገኛል። በዚያ ሥፍራ ሰው የመሰሉ ፍጡራን ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባልጩትን በብዛት እየፈለጡ መጥረቢያ ይሠሩ ነበር፤ ባልጩት ደግሞ እንደ ብርጭቆ የሚሰበር፣ ለመቁረጥ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ድንጋይ ነው። ቦታው ባልጩት ከሚባለው መንደር ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በደቡቡ የአገራችን ክፍልም ቆዳ ፋቂዎች በባልጩት ስለት መሥራታቸውን እስከ ቅርብ ዘመን አልተዉም። ድንጋይ መቁረጥ ከማንም የተማርነው ሙያ አልነበረም ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ሙያ የያዘውን ሰው ምን አልነው? «ፋቂ» አልነው፣ «ቀጥቃጭ» አልነው፣ «ቡዳ» አልነው። ልጃችንን አልዳርነውም፤ ከመሬት አገለልነው። ነገሩ እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጅ ግን ስድብን ቢከለክል ንቀትን በአንድ ቀን አይነቅልም። እጁን የናቅነው ሠራተኛ ሙያውን ለልጁ ለማውረስ ያፍራል፤ ሙያ ያልወረሰ አገር ደግሞ ድንጋዩን ጥሬውን ይሸጣል። ሰንሰለቱ ይህ ነው።

ሰንሰለቱን ለመበጠስ የሞከሩ አሉ። ቦትስዋና ነፃ በወጣች በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1967፣ ኦራፓ ላይ አልማዝ ተገኘላት። ለረጅም ዘመን ድንጋዩ ሎንዶን ሄዶ ይሸጥ ነበር። አገሪቱ በድርድር ጸንታ እ.ኤ.አ. በ2013 የዴቢርስ ኩባንያ ሽያጭ ከሎንዶን ወደ ጋቦሮኔ እንዲዛወር አደረገች፤ የመቁረጫ ፋብሪካዎችም ተከፈቱ። መንገዱ አልጋ በአልጋ አልሆነም። የሕንዷ ሱራት በብዙ ሠራተኞቿና በዝቅተኛ ወጪዋ ስለምትፎካከር አንዳንዶቹ ፋብሪካዎች ተዘግተዋል። የምንማረው እንግዲህ ጥሬ ድንጋይ እንዳይወጣ መከልከል ብቻውን ቆራጭ እንደማይፈጥር ነው። ቆራጭን የሚፈጥረው ትምህርት፣ መሣሪያና ገበያ ነው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ክብር።

በአዲስ አበባም በወሎም ኦፓል የሚሞርዱ ወጣቶች አሉ። ጥቂት ናቸው፤ ግን አሉ። እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ሞራጅ ማሽን አንሠራ ይሆናል። አንድ ነገር ግን ከእኛ ይጠበቃል፤ የእጅ ባለሙያን ታሪክ ከነገሥታት ታሪክ እኩል መጻፍ፣ በቤታችንና በሰፈራችን ያለውንም ስድብ በቃ ማለት። ልጃችንን አልማዝ ብለን መሰየሙን አውቀንበታል። የቀረን ልጃችን ድንጋይ ቆራጭ እሆናለሁ ስትል አለማፈር ነው።