«መብላት» በሦስት ደረጃ፦ የኢንዶኔዥያ ቋንቋዎችና የእንግሊዝኛ መምህራኖቻቸው

በምሥራቅ ጃቫ፣ ኬዲሪ በሚባል አውራጃ ውስጥ፣ ፓሬ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የኢንዶኔዥያ ወጣት ስሟን ሲሰማ መጀመሪያ ትዝ የሚለው እንግሊዝኛ ነው። ቱሉንግሬጆና ፔለም በሚባሉት መንደሮቿ ከ100 በላይ የቋንቋ ማስተማሪያ ቤቶች ተደርድረዋል። ሰፈሩ ራሱ «ካምፑንግ ኢንግሪስ»፣ ማለትም የእንግሊዝኛ መንደር፣ ይባላል። ከሱላዌሲ፣ ከካሊማንታን፣ ከሱማትራ የመጡ ተማሪዎች ብስክሌት ተከራይተው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይሮጣሉ። እንግሊዝኛ ብቻ የሚነገርባቸው አዳሪ ቤቶችም አሉ፤ በሌላ ቋንቋ ያወራ ይቀጣል።

ይቺው ፓሬ ታዲያ ሌላ ስምም አላት። ክሊፎርድ ጊርትዝ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1953 እና በ1954 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እዚህ ተቀምጦ አጥንቷል። በ1960 በታተመው ስለ ጃቫ ሃይማኖት በጻፈው መጽሐፉ ከተማዋን የሚጠራት «ሞጆኩቶ» እያለ ነው። መጽሐፉ ውስጥ እኔን ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን ሃይማኖቱ ሳይሆን ስለ ቋንቋ የሚያወራው ክፍል ነው። ጊርትዝ አንዲት ተራ ጥያቄ ይወስዳል፤ አሁን ሩዝና ካሳቫ ልትበላ ነው ወይ የምትል። ከዚያ ተጠያቂው ማን እንደሆነ እየቀያየረ ደረጃ በደረጃ ያወጣታል። ለልጅ ወይም ለጓደኛ ሲሆን «መብላት» ማንጋን ነው። ትንሽ ከበር ሲል ነዳ ይሆናል። ለትልቅ ሰው ደግሞ ዳሃር። «አንተ»ም፣ «ሩዝ»ም፣ «አሁን»ም፣ «እና» የምትለዋ ትንሽ ቃል ሳትቀር አብረው ይለወጣሉ። ከላይ እስከ ታች ሳትነካ የምትቀረው ካሳቫዋ ብቻ ናት።

እኛም አንተና እርስዎ አለን። ግን ከ«ብላ» ወደ «ይብሉ» ስንሄድ ግሱ ያው ግስ ነው፤ ቢበዛ «ይመገቡ» እንላለን። በጃቫኛ ሙሉው ዓረፍተ ነገር ልብሱን ቀይሮ ይመጣል። የሰውየውን ደረጃ ሳያውቁ አፍ መክፈት አይቻልም ማለት ነው።

ጊርትዝ ከሄደ ከሃያ ዓመት በኋላ አንድ ወጣት ፓሬ ገባ። ካለንድ ኦሰን ይባላል፤ የመጣው ከምሥራቅ ካሊማንታን፣ ከኩታይ ነው። ጎንቶር በሚባለው ታዋቂ እስላማዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲማር ቆይቶ ገንዘብ አልቆበት አቋርጧል። ፓሬ ያመጣው ብዙ ቋንቋ ያውቃሉ የሚባሉ አህመድ ያዚድ የተባሉ የሃይማኖት መምህር ዘንድ ለመማር ነበር። እንደሚነገረው አንድ ቀን ከሱራባያ ሁለት ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ፈተና አስጨንቋቸው መምህሩን ፍለጋ ይመጣሉ፤ መምህሩ የሉም። ካለንድ ያስጠናቸዋል። ያልፋሉ። ወሬው ይሰማል። በ1977 ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ኮርስ ተከፈተ፤ የዛሬው መንደር ከዚያ ነው የበቀለው። ሚኒስቴርም ኤምባሲም አላቀደውም።

የጃቫኛ ክብር መሰላል የተመዘገበባት ከተማና የእንግሊዝኛ መንደሯ አንድ ቦታ መሆናቸው አጋጣሚ ነው። ግን እኔ ዝም ብዬ የማልፈው አጋጣሚ አይደለም። ምክንያቱም ባለፉት መቶ ዓመታት በኢንዶኔዥያ የክልል ቋንቋዎች ላይ የደረሰው ነገር እነዚህ ሁለቱ ፓሬዎች መሀል ነው ያለው።

ወደ 1928 እንመለስ። ጥቅምት 28 ባታቪያ (የዛሬዋ ጃካርታ) የተሰበሰቡ ወጣቶች የወጣቶች ቃል ኪዳን የሚባለውን አወጡ። አንዲት አገር አለችን አሉ። አንድ ሕዝብ ነን አሉ። ሦስተኛው ላይ ግን አንድ ቋንቋ ብቻ አለን አላሉም፤ የአንድነት ቋንቋ የሆነውን ኢንዶኔዥያኛን እናከብራለን ነው ያሉት። ልዩነቷ ትንሽ ትመስላለች። ለሌሎቹ ቋንቋዎች ቦታ የምትተወው ግን እሷ ናት።

የመረጡት ቋንቋ የብዙኃኑ አልነበረም። ያኔ ጃቫውያን የሕዝቡን ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት ነበር የቀራቸው። ኢንዶኔዥያኛ የተሠራው ግን ከማላይኛ ነው፤ ለዘመናት የወደብና የገበያ ቋንቋ ከነበረው፣ በአፍ መፍቻነት ግን ጥቂቶች ብቻ ከሚናገሩት። ጃቫኛ ለምን ቀረ ሲባል ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ያ መሰላል ነው። ሁሉም እኩል ዜጋ የሚሆንበት አገር ልትመሠርት ተነስተህ ሰውን ደረጃውን ሳታውቅ ሰላም ማለት የማትችልበትን ቋንቋ ብትመርጥ ያስቸግራል። ሌላው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሌሎቹ ሕዝቦች በጃቫውያን የተዋጡ እንዳይመስላቸው።

ደች የዚህ ሁሉ ገዢ ሆኖ ሳለ ቋንቋውን ለብዙኃኑ አላስተማረም፤ ለጥቂት ልጆች ብቻ ነበር። በ1942 ጃፓን ስትገባ ደችኛን ከለከለች። ነጻነት በ1945 ሲታወጅ ሕገ መንግሥቱ የመንግሥት ቋንቋ ኢንዶኔዥያኛ ነው አለ። የውጭ ቋንቋ ማን ይሁን በሚለው ላይ ደግሞ የቅኝ ገዢው ቋንቋ ቀርቶ እንግሊዝኛ ተመረጠ። ሱካርኖ በ1955 የባንዱንግን ጉባኤ የከፈተው በእንግሊዝኛ ነው፤ የኢትዮጵያም ልዑካን አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። በዚያው በ1950ዎቹ የፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ የእንግሊዝኛ መምህራንን ማሠልጠን ጀመረ። ቀስ በቀስ በየደሴቱ የመምህራን ኮሌጆች ተከፈቱ፤ ሁሉም የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ነበራቸው።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጥመኝ።

የክልል ቋንቋዎችን ማን አጠና? መጀመሪያ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች። ከሁሉም የሚገርመኝ ሄርማን ቫን ደር ቱክ ነው። በ1824 ማላካ ተወለደ፤ የኔዘርላንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ባታክኛ አጥንቶ እንዲተረጉም ወደ ሱማትራ ላከው። ሰውየው ራሱ እምነት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ደብቆትም አያውቅም። ግን ባሩስ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ዓመታት ተቀምጦ ተረቶችን ሰበሰበ፣ መዝገበ ቃላት ሠራ፣ በ1860ዎቹም የቶባ ባታክኛ ሰዋስው አሳተመ። የቋንቋ ተመራማሪዎች በስሙ የሚጠሩት ሕግም አለ። ማላይኛ «ኡራት» ያለውን ታጋሎግ «ኡጋት»፣ የካሊማንታኑ ንጋጁ ደግሞ «ኡሃት» ይለዋል። ር፣ ግ፣ ህ በዘፈቀደ የሚመላለሱ ሳይሆኑ ሥርዓት ያላቸው መሆኑን ያየው እሱ ነው። ቃሉ ደግሞ ሥር ማለት ነው፤ የዛፉም የደሙም ሥር፣ ልክ እኛ እንደምንለው። በኋላ ባሊ ሄዶ መኖር ጀመረና ትልቁን የካዊና የባሊኛ መዝገበ ቃላት ሲሠራ ኖረ። ታትሞ ሳያየው በ1894 ሞተ።

ከነጻነት በኋላ ግን የአጥኚው ማንነት ተለወጠ። በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ የነዳጅ ገንዘብ በገባበት ጊዜ፣ መንግሥት የኢንዶኔዥያኛና የክልል ቋንቋዎችን ጥናት በበጀት ደገፈ። ሥራው በየክልሉ ላሉ መምህራን ተሰጠ። ውጤቱ በደርዘን የሚቆጠሩ ቀጫጭን መጻሕፍት ናቸው፤ የዚህ ቋንቋ አወቃቀር፣ የዚያ ቋንቋ ምዕላድና አገባብ የሚል ርዕስ ያላቸው። ከክልል ኮሌጆች ለዚህ ሥራ ከተገኙት ሰዎች ብዙዎቹ ከእንግሊዝኛ ክፍል ነበሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፎነሚና ሞርፊም የሚባለውን ትምህርት የሚያገኘው እንግሊዝኛ ሊያስተምር የሚሠለጥነው ሰው ነው። ባለሙያው የተፈጠረው ለአንድ ቋንቋ ሲባል ነው፤ እጁ ላይ የነበረው ደግሞ የእናቱ ቋንቋ ነበር።

ይህ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። በአቼ፣ በሱላዌሲ፣ በፍሎሬስ ያሉ የእንግሊዝኛ ክፍሎች ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በገዛ ቋንቋቸው ላይ ይሠራሉ፤ የሚጽፉት ግን በእንግሊዝኛ ነው። እኔ የቋንቋ ሊቅ አይደለሁም፣ ኮድ ነው የምጽፈው። ግን እነዚህን ጽሑፎች ማንበብ ሱስ ሆኖብኛል። ቅርጻቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ቅድመ ቅጥያ ስንት፣ ድኅረ ቅጥያ ስንት፣ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እንዲህ። የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሳጥኖች ቀድመው ተሠርተው ቋንቋው እየተቆራረጠ ይገባባቸዋል። ሳጥን ያላገኘው ነገር ሜዳ ይቀራል። ለምሳሌ ስለ ጃቫኛ መሰላል እንግሊዝኛ ሳጥን የለውም።

ቢሆንም እነሱን መናቅ አልችልም። ለአንዳንድ ቋንቋ ያለው ጽሑፍ ያ የመመረቂያ ወረቀት ብቻ ነው። ጸሐፊዋ ቀን ቀን «ጉድ ሞርኒንግ» እያስተማረች፣ ማታ አያቷን የምታናግር ልጅ ልትሆን ትችላለች። አያቷ ወረቀቱን ማንበብ አለመቻሏ ነው የሚያሳዝነው።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። የመንግሥት የቋንቋ ኤጀንሲ ቆጥሮ ያገኛቸው የክልል ቋንቋዎች 718 ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ፓፑዋ ነው ያለው። በ1980 ቆጠራ ቤቱ ውስጥ በዕለት ተዕለት ኢንዶኔዥያኛ የሚናገረው 12 በመቶ ገደማ ነበር፤ በ2010 ወደ 20 በመቶ ደረሰ። ጃቫኛ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ተናጋሪ አለው፤ ነገ አይጠፋም። የሚሳሳው መሰላሉ ነው። ብዙ የከተማ ልጅ ማንጋንን እንጂ ዳሃርን በቦታው ማስገባት ስለሚያቅተው፣ ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርብ እንዳይሳሳት ወደ ኢንዶኔዥያኛ ይሸሻል። በአክብሮት ነው የሚሸሸው፤ ነገሩ ግን በዚያው ይቀራል።

በፖለቲካው መድረክ የሚታየው ፍልሚያ ሌላ ነው። በ2013 ጥር 8 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ዓለም አቀፍ ደረጃ የተባሉ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ሻረ። አንዱ ምክንያቱ የአገር ማንነት ይሸረሸራል የሚል ነበር፤ ሌላው የሀብታምና የድሃ ልጅ ይለያያል የሚል። በዚያው ዓመት የወጣው ሥርዓተ ትምህርት እንግሊዝኛን ከአንደኛ ደረጃ ግዴታ ውጭ አደረገ። አሁን ደግሞ በ2024 በወጣ ደንብ ከ2027/28 የትምህርት ዘመን ጀምሮ አንደኛ ደረጃ ላይ ግዴታ ይሆናል። ወጣ፣ ገባ። ክርክሩ ሁሌም በኢንዶኔዥያኛና በእንግሊዝኛ መሀል ነው። ለክልል ቋንቋዎች የቀረው «የአካባቢ ይዘት» የሚባል ክፍለ ጊዜ ነው፤ መምህር የሌለው ትምህርት ቤት ዝም ብሎ ሊያልፈው የሚችለው። እርግጥ ሚኒስቴሩ በ2022 የክልል ቋንቋዎችን የማነቃቃት ፕሮግራም ጀምሯል፤ ልጆች ተረት የሚያወሩበት፣ የሚገጥሙበት፣ የሚቀልዱበት ውድድርም አለው። ቀልዱን ወድጄዋለሁ። በአንድ ቋንቋ የሚያስቅ ልጅ ቋንቋውን ችሏል።

እንግሊዝኛ ሳይገባበት የተሞከረ ነገርም አለ። ቡቶን ደሴት ላይ፣ ባውባው ከተማ አጠገብ፣ ቺያቺያ የሚባል ቋንቋ ተናጋሪዎች በ2009 የኮሪያን ፊደል ለልጆቻቸው ማስተማር ጀመሩ። ከሴኡል የመጡ ሰዎች ናቸው ሐሳቡን ያመጡት። ቺያቺያ ውስጥ ላለ አንድ ድምፅ ኮሪያውያን ከዘመናት በፊት የተዉትን ሆሄ ከመቃብር አወጡለት። ዩኒኮድ ላይ ሥራ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ግን ፊደል ብቻውን ምን ያደርጋል? የጃቫ ፊደል ከ2009፣ የባታክ ከ2010 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አሉ፤ ልጆቹ ስልካቸው ላይ የሚጽፉት ግን በላቲን ነው።

የእኔ ሙያ ሰዎችም በቅርቡ ደርሰዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት አብዛኞቹ ኢንዶኔዥያውያን የሆኑ ተመራማሪዎች ኑሳኤክስ የሚባል የዳታ ስብስብ አወጡ። አስር የክልል ቋንቋዎችን ይዟል፤ አቼኛ፣ ባሊኛ፣ ቡጊስኛ፣ ሚናንግካባውኛ፣ ንጋጁና ቶባ ባታክኛም አሉበት። ኢንዶኔዥያኛና እንግሊዝኛ ለማመሳከሪያ ተጨምረዋል። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ተርጓሚዎቹ ሁሉ ቋንቋውን በአፍ መፍቻነት የሚናገሩ ናቸው። ግን 1,000ዎቹ ዓረፍተ ነገሮች መነሻቸው ኢንዶኔዥያኛ ነው፤ ሰዎች ስለ ምግብ ቤትና ስለ አገልግሎት ኢንተርኔት ላይ የጻፏቸው ውዳሴና እሮሮዎች። ቫን ደር ቱክ ከ170 ዓመት በፊት ባሩስ ተቀምጦ ከሽማግሌዎች አፍ የለቀማቸው የባታክ ተረቶች በአራት ቅጽ ታትመው በትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ኮምፒውተሩ ቶባ ባታክኛን የሚማረው ግን ምግቡ ዘግይቶ መጣብኝ ከሚል ደንበኛ ነው።