ሰፈር ድሮ ድንኳን ነበር

ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «የት ይረፉ?» ነው። የቦሌ ሆቴል ውድ ነው፤ ቤተሰብ ያለው ደግሞ አያት ኮንዶሚኒየም፣ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ። ፈረንጅ ቢሆን ቤቱን በመኪና እየጎተተ ይመጣል። እኛም እኮ ተንቀሳቃሽ ቤት ነበረን፦ ድንኳን።

«ከተማ» በድሮ አማርኛ የንጉሥ ጦር የሚያርፍበት ቦታ ነበር። የንጉሡ ድንኳን መሀል ይተከላል፤ ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ። በየመኳንንቱ ዙሪያ ዘመዱና ሎሌው ይሰፍራል። «ሰፈር» የመጣው ከዚሁ ነው። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባም ይህንኑ መልክ ያዘች፤ «ራስ ብሩ ሰፈር»፣ «ራስ ካሳ ሰፈር» የምንለው ለዚህ ነው። ማገዶ ሲያልቅ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ነበር። ባሕር ዛፍ አስቀረን፤ ድንኳኑም ቤት ሆነ።

ምሥራቁ ዘግይቶ ነው የተሞላው። በ1950ዎቹ የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ተዛወረ። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ገርጂ ላይ የኮንዶሚኒየም ሙከራ ተጀመረ፤ ከዚያ ሰሚት፣ አያት፣ ቦሌ አራብሳ ቀጠሉ። ድሮ የምትሰፍረው ከወገንህ ጎን ነበር፤ አሁን ጎረቤትህን የሚመርጠው ዕጣ ነው። አንዷ እህት ጀሞ፣ ሌላዋ አራብሳ ይደርሳታል፤ መሀል ላይ ሁለት ሦስት ታክሲ።

ድንኳን ግን አልጠፋም። ሰው ሲሞት እድሩ ብሎኩ ሥር ይተክላል፤ ከጀሞም ከአሜሪካም የመጣው ዘመድ እዚያው ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ያድራል። ያኔ «የት ይረፉ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለደስታስ ለምን አንተክለውም?