የሶልቴር መንደርና የወቅፍ ቁም ነገር

በሰሜን እንግሊዝ፣ በብራድፎርድ ከተማ አጠገብ፣ ባለፋብሪካው ታይተስ ሶልት ሶልቴር የተባለውን የሠራተኞች መንደር መሠረተ። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1853 ሥራ ጀመረ። በ1859 ቤተ ክርስቲያን፣ በ1868 ትምህርት ቤት፣ በ1871 ደግሞ ቤተ መጻሕፍት፣ የንባብ ክፍልና አዳራሽ ያለው የጋራ ቤት ተከፈተ። መጠጥ ቤት ግን በመንደሩ ተከለከለ።

ሠራተኛው ከዚህ ሁሉ ብዙ መጠቀሙ አይካድም። ዳሩ ግን መኖሪያውም ደንቡም የአሠሪው ነበር። ሶልት በ1876 ሞተ፤ በ1933 የመንደሩ ቤቶች ለንብረት ኩባንያ ተሸጡ።

ወቅፍ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) በኸይበር ያገኙትን መሬት በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር ወቅፍ ሲያደርጉ፣ መሬቱ እንዳይሸጥ፣ በስጦታ እንዳይተላለፍ፣ እንዳይወረስ፣ ፍሬው ግን ለድሆች፣ ለዘመዶች፣ ለመንገደኞችና ለእንግዶች እንዲውል ደነገጉ። እንግዲህ ልዩነቱ በለጋሹ ቸርነት መጠን ሳይሆን፣ ለጋሹ ከንብረቱ እጁን በማንሳቱ ላይ ነው።

በዚያው በብራድፎርድ፣ ከፓኪስታን መጥተው በሱፍ ፋብሪካዎች ይሠሩ የነበሩ ሙስሊሞች በ1959 በሀዋርድ ጎዳና በሚገኝ ተራ መኖሪያ ቤት መስጂድ ከፈቱ። ቤቱ ከሶልት አዳራሽ ጋር በግርማ አይወዳደርም፤ ሆኖም ያቋቋሙት ሰጋጆቹ ራሳቸው ነበሩ።

ስለዚህ መስጂድ ወይም መድረሳ ሲሠራ ከግድግዳው አስቀድሞ ሊጸና የሚገባው የወቅፉ ሰነድ ነው። ቸር ሰው ያልፋል፤ ወራሽም ሐሳቡን ይለውጣል። በአግባቡ የተጻፈና ምስክር የቆመለት ወቅፍ ግን ለተከታዩ ትውልድ ይተርፋል።