የሞተር ዘይት ቁጥር አመጣጥ

የፋብሪካ መሣሪያ በእንስሳት ሞራና በዕፅዋት ዘይት ይለሰልስ በነበረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1866 አሜሪካዊው ጆን ኤሊስ ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራ ዘይት ለእንፋሎት ሞተር አቀረበ። የጉሎ ዘይት ግን ወዲያው አልተተወም፤ በጋለ ብረት ላይ አጥብቆ ስለሚይዝ በመጀመሪያዎቹ የውድድር መኪኖችና አውሮፕላኖች ተመራጭ ነበር፤ ካስትሮል የተባለው ስያሜም ከእንግሊዝኛው የጉሎ መጠሪያ የተወሰደ ነው። ጉድለቱ ሲቃጠል እንደ ሙጫ የሚጣበቅ ዝቃጭ መተዉ ነበር።

የአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ዘይትን በቪስኮሲቲ፣ ማለትም ፈሳሹ ለመፍሰስ በሚያሳየው እምቢታ፣ መመደብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። በዚያ ዘመን የተለመደው የሴይቦልት መለኪያ አሠራሩ ቀላል ነበር፦ የሞቀ ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ወርዶ 60 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ብልቃጥ እስኪሞላ ያሉት ሰከንዶች ይቆጠራሉ። ቀጭን ዘይት በብርድ ሞተር ለማስነሳት ቢመችም በሙቀት ስለሚሳሳ፣ በብርዳማ አገሮች ባለመኪናው ክረምትና በጋ ዘይት ለመለዋወጥ ይገደድ ነበር። ከ1950ዎቹ ወዲህ ግን ሙቀት ሲጨምር የሚዘረጋ ፖሊመር የተጨመረበት ባለሁለት ቁጥር ዘይት ተስፋፋ፤ በእኛ ጋራዦች «ሃያ ሃምሳ» የሚባለው የዚሁ ወገን ሲሆን፣ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል የምትጻፈው ደብሊው (W) የተባለችው ፊደል ክረምትን ታመለክታለች።

ብዙዎች እንደሚያስቡት ትልቅ ቁጥር የጥራት ምስክር አይደለም፤ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት የአገልግሎት ደረጃን ለብቻው መመደብ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሆን፣ ሁለቱ ምልክቶች ዛሬም በዘይት ጣሳ ላይ ጎን ለጎን ይታተማሉ።