አራት ጎል፣ ሦስት ኳርክ

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ስታዲየም ላይ ግብጽን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን ዋንጫ ስናነሳ፣ አራቱን ጎል ያገቡት አራት የተለያዩ ተጫዋቾች ነበሩ። ሉቻኖን፣ ወንድሙን ኢታሎንና መንግሥቱ ወርቁን ቶሎ እንጠራለን። አራተኛው ላይ ግን ምላሳችን ይያዛል። ግርማ ነው፤ ያውም የመጀመሪያውን ጎል ያገባው!

ፊዚክስም እንዲህ ሦስት ስም ብቻ የጠራበት ዘመን ነበረው። በአተም እምብርት ያለው ፕሮቶን እንደምትሾር እንዝርት ያለ ጠባይ አለው፤ «ስፒን» ይሉታል። መጠኑ ግማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ስታንፎርድ ያለው ስላክ ቤተ ሙከራ ኤሌክትሮን ወደ ፕሮቶን ሲተኩስ ውስጡ ጥቃቅን ነገሮች እንዳሉ ታየ፤ ኳርኮች። ሦስት ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ግማሽ ስፒን አላቸው። ሁለቱ ቢጣፉ አንዱ ይቀራል፤ ሂሳቡ ተዘጋ!

የየል ዩኒቨርሲቲው ቨርነን ሂዩዝ ግን «እንለካው» አለ። ስፒናቸው የተሰለፈ ኤሌክትሮኖችን፣ ስፒናቸው በተሰለፈ ፕሮቶኖች ላይ መተኮስ፤ አንዴ በአንድ አቅጣጫ፣ አንዴ በተቃራኒ። ተመትተው የሚበተኑት ኤሌክትሮኖች ቁጥር ልዩነት የኳርኮቹን ስፒን ይናገራል። ከ1976 ጀምሮ የወጣው ውጤት ከግምቱ ጋር ገጠመ። ችግሩ፣ ልኬቱ ያየው ትልቁን ጉልበት የያዙትን ኳርኮች ብቻ ነበር። ካታንጋ ተቀምጦ ቅርቡን ጎል ብቻ እንደማየት በሉት።

በ1988 ሰርን የኤሌክትሮንን ከባድ ዘመድ ሙኦንን ተጠቅሞ ሰፋ አድርጎ ያየውን አሳተመ። የኳርኮች ድርሻ በጣም ትንሽ፣ ያውም ከዜሮ በቅጡ የማይለይ! «የስፒን ቀውስ» ተባለ። ከዚያ ስላክ፣ ሐምቡርግ ላይ ከ1995 እስከ 2007 የሠራው ሄርመስ፣ ቀጥሎም ጀፈርሰን ቤተ ሙከራ በኤሌክትሮን ደጋግመው ለኩ። ድርሻው ወደ 30 ከመቶ ከፍ አለ። በ2014 ከብሩክሄቨን የወጣው መረጃ ደግሞ ኳርኮችን የሚያጣብቁት ግሉዎኖችም እጃቸው እንዳለበት አመለከተ። የቀረው ከውስጣዊ ዙረታቸው ይመጣል ተብሎ ይታሰባል፤ ሂሳቡ ግን ዛሬም አልተዘጋም።

«እና ምን አገባን?» ትሉ ይሆናል። ኤም አር አይ የሰውነታችንን ምስል የሚያነሳው በውስጣችን ባለው ውሃ ካሉ ፕሮቶኖች ስፒን ነው። ማሽኑ ድምሩን ይጠቀማል፤ ማን ምን እንዳዋጣ አይጠይቅም። ጠያቂው ሰው ነው። ድምሩ ስለገጠመ ብቻ ሂሳቡን ዘግተን ቢሆን ኖሮ ሌሎቹን አዋጪዎች አናውቃቸውም ነበር። ይህ ነገር ለፕሮቶን ብቻ የሚሠራ አይመስለንም።